ኧረ የፍራሽ ነገር!

ስለ መብራት መጥፋት እናማርራለን፤ ስለ መንገድ እናማርራለን፤ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ዋጋማ ሳናወራ የዋልንበት ቀን የለም። ሌሊቱን ሙሉ ጎናችንን ስለሚፈጀን ነገር ግን ጉዳዬ ብሎ የሚናገር ሰው አልሰማም። ጠዋት ወሎ፣ ለጋምቦ ውስጥ፣ አቀስታ ላይ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገሚሱ ወገቡን ይዞ፣ ገሚሱ አንገቱን እያሸ ነው የሚመጣው። «እንዴት አደርክ?» «አልሐምዱሊላህ፤ ያ ፍራሽ ግን ጨረሰኝ።» «የኔማ መሀሉ ሰርጉዶ ጉድጓድ ሆኗል።» ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል፤ ሰውም ማታ ተመልሶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ሰለቸኝ። ሰው ከዕድሜው ሲሶ የሚያህለውን የሚያሳልፍበት ዕቃ እንዴት እንዲህ ዓይን ተጨፍኖ ይገዛል? ጥፋቱ የገዢው አይደለም። የለጋምቦ ሰው በግ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ ነው፤ በበግ የሚያታልለው ነጋዴ ገና አልተወለደም። ፍራሽ ላይ ግን የሚገልጠው ጥርስ፣ የሚዳብሰው ጀርባ አልተሰጠውም። በጨርቅ ተሰፍቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስም ተለጥፎበት ይቀርብለታል። ስሙን አምኖ ይከፍላል።

አሁን ደግሞ «ሃይብሪድ» የሚሉት መጥቷል። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው አይሱዙ አናት ላይ፣ በጆንያና በፕላስቲክ ወንበር መሀል፣ ላስቲክ የለበሰ ወፍራም ፍራሽ ማየት የተለመደ ሆኗል። የሚገዛው ባለጸጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒካህ የታሰረለት ወጣት በግና ገብስ ሸጦ ይገዛል። አልጋ የሚያከራየው ይገዛል። አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ናቸው። ጅዳና ሪያድ የሰው መኝታ ቤት ሲያነጥፉ፣ የሰው ፍራሽ ሲያገላብጡ ኖረው «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ መደብ ላይ ነው የተኛችው፤ አንድ ጥሩ ፍራሽ ይገዛላት» ብለው ገንዘብ ይልካሉ። ያ ገንዘብ በምን ዓይነት ድካም እንደተገኘ እናውቃለን። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ነገሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ከስር ስፕሪንግ፣ ከላይ ስፖንጅ ወይም ላቴክስ የሚሉት ጎማ የተደረበበት ፍራሽ ነው። ስፕሪንጉ ክብደት ይሸከማል፤ ላይኛው ድርብ ትከሻንና ዳሌን ያሳርፋል። ስፕሪንጉም ዓይነት አለው። ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው እርስ በርሱ በሽቦ የተቆላለፈው ነው፤ በአንዱ ጫፍ ሰው ሲገላበጥ በሌላው ጫፍ ያለው አብሮ ይናጣል። ለሃይብሪድ የሚገባው ግን እያንዳንዱ ስፕሪንግ ለብቻው በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የተሰፋበት ነው፤ ፖኬት ስፕሪንግ ይሉታል። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ጄምስ ማርሻል የተባለ ሰው ካናዳ ላይ የሠራው በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አንዱ ስፕሪንግ ሲወርድ ጎረቤቱን ይዞ ስለማይወርድ፣ ከባዱ ዳሌ ሲገባ ቀላሉ ወገብ ተደግፎ ይቀራል።

ለእኛ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ልጆች ሁሉ እናታቸው ጎን ይገባሉ፤ አንድ አልጋ ላይ ሦስትም አራትም ሰው ያድራል። አባወራው ውሻ በጮኸ ቁጥር በረቱን ሊያይ ይነሳል፤ ሕፃኑ ጡት ፍለጋ ይገላበጣል። ፍራሹ ሁሉንም አብሮ የሚያናጥ ከሆነ እናትየዋ እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳታይ ይነጋና ጀሪካኗን አዝላ ውኃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ስለዚህ በትክክል የተሠራ ሃይብሪድ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። የደከመ ወገብ ያለው ሰው ለደከመ ወገብ የሚሆን ዕቃ ቢፈልግ ምኑ ነው ቅንጦቱ?

ጣጣው ገዢው በትክክል መሠራቱን የሚያይበት መንገድ ማጣቱ ነው። መደብር ገብታችሁ የምትሰሙት ይህን ነው፤

«ልጄ፣ ይሄ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሃይብሪድ ነው አባባ።»

«ሃይብሪዱስ ምንድን ነው?»

«ስፕሪንግም አለው፣ ስፖንጅም አለው። ኦርጅናል ነው።»

«ዛዲያ ስፖንጁ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ስፕሪንጉ የተቆላለፈው ነው፣ በከረጢት ያለው?»

«አባባ ይመኑኝ፤ ይወዱታል።»

ልጁን አልወቅሰውም። እሱም አያውቅም። ከአዲስ አበባ ሲጫንለት የነገረው የለም፤ እሱም እንደተቀበለው ያስረክባል። ግን እኮ ጥያቄው ቀላል ነው! ስፕሪንጉ ላይ የተደረበው ስፖንጅ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በስሙ ሃይብሪድ፣ በግብሩ ሽቦ ላይ የተነጠፈ ጨርቅ ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የእያንዳንዱ ስፕሪንግ አናት በጎን አጥንት ላይ ይቆጠራል። 5 እና ከዚያ በላይ ሳንቲ ሜትር ጥሩ ስፖንጅ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከውጭ የሚያይ ዓይን የለም፤ ሁለቱም በአበባ ጥልፍ ተሸፍነው እኩል ያምራሉ።

ስፖንጁ ራሱ ደግሞ ስፖንጅ ስለተባለ ብቻ አንድ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደረሱበት ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው፤ ሁለት የኬሚካል ፈሳሾች ከውኃ ጋር ሲደባለቁ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሁዱ ያኔ ይነፋል። ብዙ ከተነፋ ቀላልና ባዶ ይሆናል፤ ጥቂት ከተነፋ ከባድና ጠንካራ ይሆናል። ነጋዴዎች «ዴንሲቲ» የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ባለ 20 ከሆነ ለዘወትር መኝታ ቶሎ ይደክማል፤ ባለ 30 ከሆነ ዕድሜ አለው። ይሄ ደግሞ በሚዛን የሚታይ ነገር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ወርዱ ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ባለ 20 ከሆነ 9 ኪሎ ከጥቂት ግራም ይመዝናል፤ ባለ 30 ከሆነ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። ገብስ የሚመዘንበት ሚዛን እኮ በየበረንዳው አለ! ለአንድ ኪሎ ስኳር ሚዛን የሚያስቀምጥ ነጋዴ ለዚህ ሁሉ ብር ዕቃ ሚዛን አያስቀምጥም።

ሚዛኑም ብቻውን አይበቃም፤ ይሄም ያሰለቻል። ክብደት እንዲያነሳ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል የድንጋይ ዱቄት የሚጨመርበት ስፖንጅ አለ፤ ይከብዳል እንጂ አይጠነክርም፣ ቶሎ ይፈረፈራል። ከፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራም አለ፤ እሱ ከስር ለድጋፍ ቢሆን ጥሩ፣ ከላይ ሆኖ ሰው ሲተኛበት ግን ድንጋይ ነው። ሃይብሪድ ሲሆን ደግሞ የሽቦው ክብደት ይገባበትና ሚዛኑ ምንም አይነግረንም። እንግዲያው የቀረን ሠሪው ራሱ ይናገር የሚል ልመና ነው፤ ስፖንጁ ባለ ስንት ነው፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ስፕሪንጉ የትኛው ነው። ሦስት መስመር ጽሑፍ። ጎኑ ላይ ቢሰፋ ከአበባው ጥልፍ ያነሰ ክር ነው የሚፈጀው።

ከሦስቱ መስመር ይልቅ የሚጻፈው ምንድን ነው? «ሜዲካል»። «ኦርቶፔዲክ»። እነዚህ ሁለት ቃላት ያደረሱብንን በደል ማን ይቁጠረው! ሐኪም ያዘዘው የሚመስለው ስንት ሰው አለ። ወገቡን የሚያመው አባት «ለወገብ የሚሆን» ሲል «ሜዲካሉን ውሰዱ» ይሉታል፤ ሜዲካል ማለት ደግሞ በእኛ ገበያ ደረቅ ማለት ሆኗል። ይደርቃል፤ እንደ ጣውላ ይደርቃል። «ለወገብ መድረቅ አለበት» የሚለው እምነት ከሐኪሞችም አፍ ሲሰማ ስለኖረ ማንም አይከራከርም። እስፔን ውስጥ ግን ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 313 ሰዎች ተከፍለው ገሚሶቹ ደረቅ፣ ገሚሶቹ መካከለኛ ድርቀት ያለው ፍራሽ ተሰጥቷቸው፣ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከሦስት ወር በኋላ ይበልጥ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? እኛ ጋ አሁንም «ደረቁን ውሰዱ» ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ደረቅ ፍራሽ ላይ ትከሻውና ዳሌው መግቢያ ያጣሉ፤ ወገቡ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሌሊቱን ሙሉ የተንጠለጠለ ወገብ ጠዋት ማረሻ አያስይዝም።

ወደ ብርዱ ልምጣ። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ነው፤ ምክንያቱም አገራችንን የሚያውቅ ሰው እንዳልሠራው ይመሰክራል። አቀስታ ደጋ ናት። ከአምባ ፈሪት ተራራ የሚወርደው ነፋስ ማታ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ጋቢ ላይ ባና ደርቦ የተኛው ሰው እንኳ ይንቀጠቀጣል። ውድ በሚባሉት ሃይብሪዶች ላይ ደግሞ የሚደረበው ሜሞሪ ፎም ነው። ሜሞሪ ፎም በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ዮስት የተባለ መሐንዲስ ለናሳ፣ ለአውሮፕላን መቀመጫ ብሎ የሠራው ነው። ጠባዩ ከሙቀት ጋር ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ማሞቂያ ባለው ቤት ሰው ሲተኛበት ወዲያው ቅርጹን ይይዛል፤ ምቾቱም እዚያ ላይ ነው። እኛ ቤት እሳት ያለው ማድ ቤት ነው፤ መኝታ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ይውላል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ሲጋደምበት ፍራሹ እንደ ጭቃ ጡብ ነው። በሰውነት ሙቀት እስኪለሰልስ ድረስ ሰውየው ነው የሚያሞቀው እንጂ ፍራሹ ሰውየውን አያሞቀውም።

ይባስ ብሎ «ያቀዘቅዛል» ተብሎ ተጽፎበታል! ጄል የተጨመረበት፣ አየር የሚያስተላልፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ። ለጅዳ ሰው ይሁን። ለሰመራም ይሁን፤ ለድሬዳዋም ይሁን። ለጋምቦ ላይ ማን ነው «ሌሊት ሞቀኝ» ያለው? በስፕሪንጉ መሀል አየር እንደ ልቡ መመላለሱ ለቆላ በረከት ነው፤ እኛ ጋ ግን ከአልጋው ስር የሚነሳው ብርድ በዚያው ሽቅብ ይመጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ ለሚተኛ ሰው ሜሞሪ ፎሙ ቀርቶ ተራው ጥሩ ስፖንጅ ወይም ላቴክስ ይሻለዋል፤ ከላዩ ደግሞ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋል።

ሙቀት የሚይዘው ነገር ደግሞ ደጃችን ነው ያለው። የበግ ፀጉር! ባና የሚሠራበት፣ በርኖስ የሚሠራበት፣ አያቶቻችን የሚያውቁት። እንግሊዝ አገር ውድ ፍራሽ የሚሠሩ ሰዎች ከስፕሪንጉ በላይ የበግ ፀጉር ይደርባሉ፤ ፀጉሩ የሰውን ላብ ይመጥጣል፣ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም፣ ሙቀትም አያስወጣም። እኛ በጉን እናረባለን፤ ፀጉሩ ብዙውን ጊዜ ተሸልቶ እዚያው ይበተናል። ፍራሹ ላይ የሚሰፋልን ግን ፖሊስተር ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ፀጉሩ ከደጋው እስከዚያ የሚደርስበት መንገድ አለ። አንድ ፍራሽ ሠሪ ይህን አስቦ አያውቅም ወይ እያልኩ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

የድሮው መኝታ የተሻለ ነበር የሚሉትን ግን አልከተልም። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ የተኛ ሰው ምን እንዳሳለፈ እሱ ይናገር፤ ቁንጫው፣ ትኋኑ፣ ከምድር የሚወጣው እርጥበት። የጠፍር አልጋ ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ጠፍሩ ሲላላ ተመልሶ ይወጠራል፣ የተበጠሰው ይቀጠላል፣ ከላይ ያለው ጀንዲና አጎዛ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የጭድ ፍራሹም ሆዱ ተፈቶ አሮጌው ጭድ ይወጣና አዲስ ይሞላል። ሲበላሽ የሚጠገን ነገር ነበር። ይሄ አዲሱ ተሰፍቶ የተዘጋ ነው፤ መሀሉ ሲሰረጉድ የሚደረግለት ነገር የለም። ዚፕ ቢደረግለትና የላይኛው ድርብ ብቻ ቢቀየር ምን ነበረበት? ስፕሪንጉ ገና ደህና ሆኖ ስፖንጁ ስለሞተ ብቻ ሙሉው ፍራሽ ይጣላል።

ፀሐይ ላይ ማስጣትም ቀርቷል። ሃይብሪዱ ከባድ ነው፤ ሁለት ጉልበተኛ ይፈልጋል። የለመድነውን ንጽሕና ትተን አንድ ቦታ እንደተጋደመ ዓመት ይዞራል። ላስቲኩም አይወልቅ! ይሄን ነገር ማን እንዳስለመደን አላውቅም። ዕቃው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ፍራሹ ከነላስቲኩ ይነጠፋል፤ አንሶላ በላዩ ይለብሳል። ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ የሰው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ላስቲኩ ስር ይረጥባል፤ ጠዋት አንሶላው እርጥብ፣ ፍራሹ ደግሞ የሻገተ ይሸታል። ኧረ አውልቁት! ሱቅ ላይ ያለበሱት ለመንገዱ አቧራ ነው እንጂ ለዕድሜ ልክ አይደለም። ለሕፃን ሽንት ከተፈራ ውኃ የማያሳልፍ የጨርቅ ሽፋን አለ፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል።

መሞከር የሚባለውስ? ፍራሽ የሚሞከረው ተኝቶ ነው። ጫማን አውልቆ፣ ዘወትር በሚተኙበት ጎን ሆኖ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት። እኛ አገር ይሄ ነውር ነው። ሴት ልጅ በሰው ፊት ሱቅ ውስጥ ፍራሽ ላይ ልጋደም ብትል መንገደኛው ሁሉ ያፈጣል፤ ሽማግሌም ቢሆን ያፍራል። ስለዚህ በመዳፍ ጫን፣ በመዳፍ ጫን ተደርጎ «ጥሩ ነው» ይባላል። የመዳፍ ክብደት የዳሌን ክብደት ይነግራል? መጋረጃ አድርገው ጥግ ላይ አንድ አልጋ ቢዘረጉ፣ ለሴቶቹም ሴት ቢመድቡ ሻጮቹ የሚያጡት ምንም የለም። ባልና ሚስትም አብረው ቢመጡ ይሻላል፤ አለዚያ እሱ ገዝቶ ይመጣል፣ እሷ ትሰቃይበታለች።

ፍራሹን በመዳፍ የሚጫኑ ሰዎች ዳሩን መጫን ይረሳሉ። በአንድ ክፍል ቤት አልጋው ሶፋም ነው። ቡና ሲፈላ እንግዳው የት ይቀመጣል? አልጋው ጫፍ ላይ። እናት ሕፃን የምታጠባው እዚያው ጫፍ ላይ ነው፤ አረጋዊ ለመነሳት ተደግፎ የሚያርፈው እዚያው ነው። ደህና ሃይብሪድ ዙሪያውን በጠንካራ ስፖንጅ ይታጠራል ወይም ዳር ዳሩ በወፍራም ስፕሪንግ ይሠራል። የተሰረቀበት ደግሞ ዳሩ መጀመሪያ ይሞታል፤ ተቀማጩ ወደፊት ይንሸራተታል፣ የተኛውም ወደ መሬት። ከደሴ ለሚገዙ ዘመዶቼ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ቢቀር ጫፉ ላይ ቁጭ በሉና እዩት፣ ይሄ ነውር የለውም።

መንገዱንም አልረሳውም። የስፖንጅ ፍራሽ ቢጠቀለል ይመለሳል። ፋብሪካው ራሱ በማሽን አምቆ በካርቶን ያሸገው ሃይብሪድም ሲፈታ ይነፋል፤ ለዚያ ተብሎ ነው የተሠራው። ዝርግ ሆኖ የመጣውን የስፕሪንግ ፍራሽ ግን ረዳቱ ለሁለት አጥፎ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ በላዩ የብረት በርና ሁለት በግ ጭኖበት ያመጣዋል። የታጠፈ ሽቦ አይቃናም። ገዢው ቤቱ ደርሶ ሲዘረጋው መሀሉ ላይ ጉብታ ያገኛል፤ «ሲተኙበት ይስተካከላል» ይሉታል። አይስተካከልም! መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ሲመጣ ደግሞ ፍራሹ መንገድ ላይ ያድራል፤ ዝናቡም አብሮት ያድራል።

አልጋው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ የሚሠራው የባሕር ዛፍ አልጋ ጣውላው እየተራራቀ ይመታል፤ እንጨት ለመቆጠብ ነው። ለሃይብሪድ በጣውላና በጣውላ መካከል ከ7 ወይም ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት መኖር የለበትም፤ ካለ ስፕሪንጉ በክፍተቱ ይገባል፣ ጥፋቱም ለፍራሹ ይቆጠራል። ልኩም አይገጥምም። «ሜትር ከሃያ» የተባለው አልጋ ሲለካ ሜትር ከአሥራ ሰባት ይሆንና ፍራሹ ተጨንቆ ይቀመጣል፤ ወይ ደግሞ አልጋው ይሰፋና ሕፃን እግሩን በክፍተቱ ያስገባል። አናጺው ፍራሽ ሻጩን፣ ፍራሽ ሻጩ አናጺውን ይወቅሳል።

ዋጋውን ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝምም። የስፖንጁ ኬሚካል የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲወደድ ይሄም ተወደደ። ይሁን፤ መወደዱን ችለናል። በተወደደ ዋጋ ቀጭን ነገር መግዛቱን ነው ያልቻልነው። ዋጋው ያው እንዲመስል ውፍረቱ በሁለት ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ፣ ባለ 25 የነበረው ባለ 18 ሲሆን ለማን ይነገራል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ በወረቀት አለ። የፍራሹ ጎን ላይ ግን የለም።

ዋስትናውስ? «የ10 ዓመት ዋስትና» የሚል ካርድ አብሮ ይሰጣል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ልጃቸው ከሪያድ በላከችው ገንዘብ ሃይብሪድ ተገዛላቸው። አንድ ክረምት እንዳለፈ ግራ ጎኑ ሰረጎደ፤ እሳቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ማታ ማታ ወደዚያው ይንከባለላሉ። ካርዱን በመሐረብ ቋጥረው ደሴ ድረስ ወረዱ። «ካርዱ አይበቃም፤ ፍራሹ ራሱ ይምጣ» ተባሉ። የመጫኛውን ማን ይከፍላል ቢሉ፣ እርስዎ። ከደሴ ደግሞ አዲስ አበባ ይላካል፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ እዚያ ይታያል፣ ጥፋቱ የፋብሪካ ከሆነ ይቀየራል፣ የአጠቃቀም ከሆነ ይመለሳል። ስንት ቀን ይፈጃል ቢሉ፣ አይታወቅም። «እሺ ይሁን፤ ፍራሹን ልላከው። እስኪመለስ እነዚህን ልጆች በዚህ ብርድ ምን ላይ ላስተኛቸው?» አሏቸው። «እሱን እንግዲህ እኛ አናውቅም እናቴ» ነው የተባሉት።